የመጀመሪያ ቺፕ ፕሮጀክት አመራረጥ፦ ልምድ ለሌለው ቡድን ደረጃ በደረጃ

ቺፕ ሠርቶ የማያውቅ ቡድን ነጭ ሰሌዳ ፊት ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚጻፈው «ፕሮሰሰር» ነው። ከሥሩ «የኤአይ አክስለሬተር»፣ የኤአይ ስሌት ማፋጠኛ፣ ይጨመራል። ትንሽ ቆይቶ ጥግ ላይ የተቀመጠው ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኤዲሲስ ብንሠራ?» ይላል፤ የኤሌክትሪክ መጠንን ወደ ቁጥር የሚቀይረውን ማለቱ ነው። የሁሉም ዓይን ይበራል። «የአራት መብራት ድምቀት መቆጣጠሪያ እንሥራ» የሚል ሰው ግን አይገኝም፤ ቢገኝም ይሳቅበታል።

እኔ የምከራከረው ለተሳቀበት ሰው ነው፤ ክርክሬንም ከነስሌቱ አቀርባለሁ።

ሶፍትዌር የለመደ ሰው ስህተቱን በማግስቱ አርሞ ይለቃል። ቺፕ ላይ ግን ፋይሉ አንዴ ፋብሪካ ከገባ ወራት ይጠበቃል፤ ሲመጣም ስህተቱን ይዞ ይመጣል። መንገዱ ደግሞ ረጅም ነው። ሎጂኩ ቬሪሎግ በሚባለው የቺፕ መግለጫ ቋንቋ ይጻፋል፣ በኮምፒውተር ላይ በሲሙሌሽን ይፈተሻል፣ ጌት ወደሚባሉ ትንንሽ የሎጂክ ወረዳዎች ይቀየራል፣ ጌቶቹ ሲሊከኑ ላይ ተደርድረው በሽቦ ይያያዛሉ፣ የፋብሪካውን ሕግ ማሟላታቸው ይጣራል፣ ፋይሉ ለፋብሪካው ይሰጣል፣ ይጠበቃል፣ በመጨረሻም ቦርድ ላይ ተሰክቶ ይሞከራል። ቡድኑ ከእነዚህ አብዛኛውን አይቶ የማያውቅ ከሆነ ፕሮጀክቱ ሁሉንም አንዴ የሚያስኬደው መሆን አለበት። ንድፉ ራሱ ከባድ ከሆነ ጉልበቱ ሁሉ መጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ላይ ያልቅና የቀረው በጥድፊያ ይሠራል። ቺፕ የሚገድለው ደግሞ ያ በጥድፊያ የተሠራው ክፍል ነው።

1. ቺፑ እጃችሁ የገባበትን ቀን አስቀድማችሁ ጻፉ

ስለ ንድፉ ከመነጋገራችሁ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት አውጡና ቺፑ ከፋብሪካ የመጣበትን ጠዋት ጻፉ። ጠረጴዛው ላይ ምን አለ? የቺፑን ምት የሚመታው ክሎክ ከየት ይመጣል? የመጀመሪያው ሽቦ የት ይሰካል? ምን ስታዩ ነው «ሕይወት አለው» የምትሉት?

ጥሩ ገጽ እንዲህ ይነበባል፦ «ኃይል ሰጠን፤ 10 ሜጋኸርዝ ክሎክ አስገባን፤ ሪሴቱን (ቺፑን ወደ መነሻው የሚመልሰውን ምልክት) ለቀቅን። አንዱ ፒን ክሎኩን ለ256 አካፍሎ ስለሚያወጣ ኦሲሎስኮፕ ላይ 39 ኪሎኸርዝ ገደማ አየን። ከዚያ ከማይክሮኮንትሮለር ኤስፒአይ በሚባለው የጥቂት ገመድ መገናኛ ሁለት ባይት ላክን፤ የመጀመሪያው ኤልኢዲ በግማሽ ድምቀት በራ። ቁጥሩን ቀየርን፤ ድምቀቱም ተቀየረ።» እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ትንሽ ነው፤ አንዱ ቢከሽፍ ችግሩ የት እንደሆነ ይታወቃል።

መጥፎ ገጽ ደግሞ «ኮዱን ጫንን፤ ሊኑክስ ተነሳ» ይላል። በሁለቱ ቃላት መካከል ሜሞሪ፣ ቡት ኮድ፣ ኮምፓይለርና ልዩ ቦርድ ተደብቀዋል። ሊኑክሱ ካልተነሳ የትኛው እንደጠፋ የምታውቁበት መንገድ የለም።

ገጹን መጻፍ ያቃተው ቡድን ያንን ፕሮጀክት ይተው። ሰው የሚሰንፈው እዚህ ደረጃ ላይ ነው፤ ገና የሌለ ቺፕ ስለመሞከር መጻፍ የሕልም ሥራ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከሰሌዳው ላይ ግማሹን የሚያስጠፋው ይኼ አንድ ገጽ ነው።

2. ከማስረከቢያው ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ

ማስረከቢያው ከ20 ሳምንት በኋላ ነው እንበል። የመጨረሻዎቹን 3 ሳምንታት ከአሁኑ ሰርዟቸው፤ በእነርሱ ውስጥ አዲስ ነገር አይጻፍም፣ የሚደረገው የመጨረሻ ማጣሪያና ማስረከብ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹን 2 ሳምንታት ደግሞ መሣሪያዎቹን መልመድ ይወስዳቸዋል። የቀሩት 15 ናቸው። እኔ ብሆን 4ቱን ለመጻፍ፣ 7ቱን ለመፈተሽ፣ 4ቱን ለሌይአውት፣ ማለትም ጌቶቹን ሲሊከኑ ላይ ለመደርደር፣ እከፍላቸዋለሁ።

አዲስ ቡድን ይኼን ሲያይ «መፈተሽ ከመጻፍ እንዴት ይበልጣል?» ይላል። የኢንቴልን ፔንቲየም አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1994 በማካፈያ ክፍሉ ውስጥ ካለ ሠንጠረዥ ጥቂት ቁጥሮች ጎድለው ኖሮ አንዳንድ ስሌቶች የተሳሳተ ውጤት ሰጡ፤ ኩባንያው ለመተካቱ 475 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መዘገበ። የእናንተ ቺፕ ያን ያህል አያስወጣም፤ ግን ያ ሠንጠረዥ ያለፈው ከእናንተ እጅግ በሚበልጡ ሰዎች እጅ ነው።

ስለዚህ የሚጠየቀው «በ20 ሳምንት ምን እንሠራለን?» ሳይሆን «በ4 ሳምንት ምን ጽፈን እንጨርሳለን?» ነው። ሰሌዳው ላይ ያለው ፕሮሰሰር ከዚህ በኋላ ሌላ ይመስላል።

3. ቡድኑን ሳታሞግሱ ቁጠሩት

አጭር ሥራ ነው። እያንዳንዱ ሰው በገዛ እጁ ሠርቶ ያስረከበውን ይጻፍ፤ ያነበበውን ወይም በኮርስ የሰማውን አይቁጠር። ቬሪሎግ ጽፎ ኤፍፒጂኤ ላይ፣ ሎጂኩ እንደገና እየተጻፈ በሚጫንበት ዝግጁ ቺፕ ላይ፣ ያስነሳ ስንት ሰው አለ? ቴስትቤንች፣ ማለትም ንድፉን የሚፈትን ኮድ፣ የጻፈስ? ቦርድ ነድፎ የበየደስ? በሳምንት በርግጥ ስንት ሰዓት ይሰጣል? ፈተናና የሥራ ጉዳይ ሲመጣ የሚጠፋው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ከአሁኑ ይቆጠር።

ከዚህ አንድ ሕግ እወስዳለሁ፦ ንድፉን የጻፈው ሰው ብቻውን አይፈትሸውም። ሰው የተሳሳተውን ነገር ሲፈትሽ በዚያው በተሳሳተው ሐሳቡ ይፈትሻል። ሁለት ሰው ብቻ ካላችሁ ፕሮጀክቱን በዚያው መጠን አሳንሱት።

4. ዕጩዎቹን በአምስት ጥያቄ አበጥሯቸው

ሜሞሪው የት ይቀመጣል? ብዙ ሕልም የሚሞተው እዚህ ነው። ክፍት በሆነው የስካይ130 ፒዲኬ፣ ማለትም ጎግልና ስካይዎተር እ.ኤ.አ. በ2020 ለሁሉም በለቀቁት የ130 ናኖሜትር የንድፍ ጥቅል፣ ሪሴት የሌለው ተራ ፍሊፕ ፍሎፕ 20 ካሬ ማይክሮሜትር ይይዛል። አንድ ፍሊፕ ፍሎፕ የሚያስታውሰው አንድ ቢት ነው። አንድ ኪሎባይት 8,192 ቢት ስለሆነ ፍሊፕ ፍሎፖቹ ብቻቸውን 163,840 ካሬ ማይክሮሜትር ይፈጃሉ፤ ማንበቢያውና መጻፊያው ገና አልተቆጠረም። የብዙ ሰው ትናንሽ ንድፎችን አንድ ቺፕ ላይ በሚያሠራው በታይኒ ቴፕአውት አንድ ተሳታፊ የሚያገኘው ትንሹ ቦታ ደግሞ 160 በ100 ማይክሮሜትር ገደማ፣ ማለትም 16,000 ካሬ ማይክሮሜትር ነው። አንድ ኪሎባይት ከአሥር እንዲህ ዓይነት ቦታ ይበልጣል። ኪሎባይት! ስልካችሁ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ምልክት ከዚያ ትበልጣለች።

ፕሮሰሰሩንም በዚሁ ሚዛን አስቀምጡት። ሪስክ ፋይቭ የሚባለው ክፍት የፕሮሰሰር ዓይነት በ32 ቢቱ መሠረታዊ መልኩ 32 ሬጅስተር፣ ማለትም የቁጥር ማስቀመጫ፣ አለው፤ አንዱ ምንጊዜም ዜሮ ስለሆነ የሚቀመጡት 31 ናቸው። 31 በ32 ሲባዛ 992 ቢት፣ በ20 ሲባዛ 19,840 ካሬ ማይክሮሜትር። አንድ ቁጥር እንኳ ሳይደመር ቦታው አልቋል። ሰፋ ያለ ቦታ መግዛት ይቻላል፤ ቢትን አንድ በአንድ የሚያሠሩ ጥቃቅን ፕሮሰሰሮችም አሉ፣ የኡሎፍ ሺንድግሬን ሰርቭ ታዋቂው ነው። ግን ያ የሌላ ሰው የዓመታት ብልሃት ነው፤ ለመጀመሪያ ቀን አይሆንም። የተዘጋጀ የሜሞሪ ብሎክ ማስገባት የሚባል መንገድም አለ፤ እርሱ የራሱ የኃይል መስመር፣ የራሱ የጊዜ ፋይልና የራሱ ጣጣ አለው። ለሁለተኛው ቺፕ ይቆይ።

ዳታው በየትኛው በር ይገባል? የኤአይ አክስለሬተሩን የሚጥለው ይኼ ጥያቄ ነው። 8 በ8 የሆኑ ሁለት ማትሪክሶችን የሚያባዛ ሲስቶሊክ አደራደር፣ ማለትም ቁጥር እየተቀባበሉ የሚሠሩ የማባዣዎች ሰልፍ፣ አስቡ። ስሌቱን በ22 ክሎክ ይጨርሳል፤ ድንቅ ነው። ቁጥሮቹ ግን 128 ባይት ናቸው፤ በስምንት ፒን አንድ ባይት በአንድ ክሎክ ቢገባ 128 ክሎክ። ውጤቱ 64 ቁጥር ነው፤ እያንዳንዱ እስከ 19 ቢት ስለሚደርስ ሦስት ሦስት ባይት፣ ማለትም 192 ክሎክ ለማውጣት። ለ22 ክሎክ ሥራ 320 ክሎክ በር ላይ መጋፋት። አዳራሹ ሰፊ ሆኖ መግቢያው የድመት ቀዳዳ ነው። በጣም ፈጣኑ ማባዣ ቢሠራም ጠረጴዛው ላይ የሚታየው የፒኖቹ ፍጥነት ነው።

ምን ያህል ይፈጥናል? የመጀመሪያ ቺፕ ክሎክ ዝቅ ይበል፤ 10 ሜጋኸርዝ ይበቃል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ጀማሪ አያውቀውምና። የጊዜ ስህተት ሁለት ዓይነት ነው። ሲግናሉ ከዘገየ፣ ሴትአፕ የሚባለው ነው፣ ቺፑ ከመጣ በኋላም ክሎኩን ቀንሳችሁ ታድኑታላችሁ። ሲግናሉ ከፈጠነ ግን፣ ሆልድ የሚባለው፣ ክሎኩን ወደ 1 ኸርዝ ብታወርዱትም አይድንም፤ ቺፑ ሞቷል። ስለዚህ የሆልድ ሪፖርት ላይ አንዲት ቀይ መስመር እያለች ማንም አያስረክብ። ዩኤስቢ፣ ኢተርኔት፣ ዲዲአር የመሳሰሉት ሁሉ ከዚህ ጥያቄ በኋላ ከሰሌዳው ይውረዱ።

አናሎግ አለበት ወይ? ካለበት ተዉት። አናሎግ የከበረ ሙያ ነው፤ ግን ዲጂታሉ ላይ መሣሪያው የሚሠራላችሁን ሌይአውት እዚያ በእጃችሁ ትስሉታላችሁ፤ በቅዝቃዜም በሙቀትም፣ በዝቅተኛም በከፍተኛም ቮልቴጅ፣ ትራንዚስተሮቹ እርስ በርስ ሲለያዩም መሥራቱን ትፈትሻላችሁ። ኤዲሲና ክሎክ የሚያባዛው ፒኤልኤል በዚህ ይጠቃለላሉ። አናሎግ ብቻ የሚያውቅ ቡድን ከሆናችሁ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ አንዲት ኮምፓራተር ወይም ሪንግ ኦሲሌተር ላይ ቁሙ፣ ከዚያ አትለፉ።

ትክክለኛው መልስ ከየት ይመጣል? የቺፑን ባሕርይ በፓይተን በ50 መስመር ጽፋችሁ ከሲሙሌሽኑ ጋር ማስተያየት ከቻላችሁ ደኅና ናችሁ። ኮኮቲቢን የመሰለ መሣሪያ ፈተናውን ራሱን በፓይተን ያስጽፋችኋል። «ትክክል መሆኑን የምናውቀው ስናየው ነው» የሚባል ፕሮጀክት አይፈተሽም።

ከወንፊቱ በላይ የሚቀሩት እነዚህን ይመስላሉ፦ በፍጥነት እያበራ እያጠፋ መጠን የሚወስነው የድምቀትና የሞተር መቆጣጠሪያ ፒደብሊውኤም፣ የኢንኮደር (የመዞሪያ መለኪያ) ቆጣሪ፣ የዳታ ስህተት ማረጋገጫው ሲአርሲ ወይም የዘፈቀደ ቁጥር አመንጪ፣ የሰዓትና የማሳያ ቺፕ፣ ቢት በቢት ከሚልከው ዩኤአርት መገናኛ ወደ ሌላ አስተርጓሚ፣ ሥዕሉን ከሜሞሪ ሳያነብ በየነጥቡ እያሰላ ወደ ቪጂኤ ስክሪን የሚልክ ንድፍ። የመጨረሻውን እወደዋለሁ፤ ስክሪን ላይ የሚታይ ነገር እናትም አባትም ይገባቸዋል። 640 በ480 ለሆነ ሥዕል በመስመር 800 ክሎክ፣ በገጽ 525 መስመር ስለሚቆጠር በሰከንድ 60 ጊዜ ለመሳል 25.2 ሜጋኸርዝ ይበቃዋል።

5. ከመጻፋችሁ በፊት ፍሊፕ ፍሎፕ ቁጠሩ

ይኼ የመመሪያው ልብ ነው፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ይፈጃል፣ ከዚያ አይበልጥም። የተሳቀበትን የአራት መብራት መቆጣጠሪያ ወስደን እንቁጠር።

ከውጭ በኤስፒአይ 16 ቢት ይመጣል፤ ቢቶቹን አንድ በአንድ የሚቀበለው ሺፍት ሬጅስተር 16 ፍሊፕ ፍሎፕ። ስንተኛው ቢት ላይ እንደደረስን መቁጠሪያ 4። ሦስቱ የኤስፒአይ ገመዶች በእኛ ክሎክ ስለማይመሩ እያንዳንዳቸው በሁለት ፍሊፕ ፍሎፕ አልፈው መግባት አለባቸው፣ 6፤ የሁለቱን ገመዶች ለውጥ ለመያዝ ሌላ 2። መብራቱ በየዙሩ የሚበራበትን ጊዜ የሚለካው ዋናው ቆጣሪ 8። ለአራቱ መብራት የድምቀት ቁጥር 8 ቢት ለእያንዳንዱ፣ 32።

አሁን አንድ ረቂቅ ነገር አለ። ቆጣሪው መሃል ላይ ሳለ የድምቀቱ ቁጥር ቢቀየር መብራቱ ለአንድ ዙር ብልጭ ይላል። እንዳይል አዲሱ ቁጥር ተጠባባቂ ሬጅስተር ላይ ይቆይና ዙሩ ሲያልቅ ይዛወራል፤ ሌላ 32። የፍጥነት ማካፈያ ቆጣሪ 8፣ መጠኑን የሚይዝለት ሬጅስተር 8። መውጫ ላይ 4። ድምሩ 120።

ሪሴት ያለው ፍሊፕ ፍሎፕ በዚያው የስካይ130 ጥቅል 25 ካሬ ማይክሮሜትር ነው፤ 120 በ25 ሲባዛ 3,000። የቀረው ሎጂክ ያንኑ ያህል ይወስዳል ብዬ እይዛለሁ፤ ግምት ነው፣ ለእንዲህ ዓይነት ንድፍ ግን አያሳፍርም። 6,000 ሆነ። ከ16,000ው ውስጥ ለሽቦ ማለፊያ ትታችሁ 60 በመቶውን ብቻ ብትሞሉ 9,600 አላችሁ። ይገባል፤ 3,600ም ይተርፋል።

ያንን ትርፍ አትሙሉት። «ቦታ ካለ ስምንት መብራት እናድርገው» የሚለው ሰው ሁልጊዜ አለ፤ በፍቅር ነው የሚናገረው፣ ግን አታድምጡት። እስከ ጫፍ የተሞላ ንድፍ ሽቦው አልገናኝ ብሎ ሌሊት ያስነጋል።

ይኼን አይቶ «ትንሽ ነው» ለሚል፦ እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው ኢንቴል 4004 የያዘው 2,300 ገደማ ትራንዚስተር ነበር። የእናንተ «ትንሽ» ንድፍ ተቆጥሮ ሲያበቃ ከዚያ ብዙም አይርቅም፤ ምናልባትም ይበልጣል።

6. የት ይሠራል?

ሙሉ ዌፈር ብቻውን የሚያሠራ ጀማሪ የለም። ብዙ ንድፍ አንድ ዌፈር ተካፍሎ ወጪውን ይጋራል፤ ሸትል የሚባለው ይኼ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ሊን ኮንዌይ በኤምአይቲ ያስተማረቻቸው ተማሪዎች የሠሯቸው ትናንሽ ንድፎች በዚሁ መንገድ ተጣምረው ተመረቱ። ዛሬ ከስካይ130 ሌላ የግሎባልፋውንድሪስ 180 ናኖሜትርና የጀርመኑ አይኤችፒ 130 ናኖሜትር ጥቅሎች ክፍት ናቸው። መሣሪያዎቹም እንዲሁ፤ ዮሲስ ቬሪሎጉን ወደ ጌት ይቀይራል፣ ኦፕንሮድ ይደረድራል፣ ኦፕንሌን ሁሉንም ያያይዛል፣ ኬሌይአውት የመጨረሻውን ሥዕል ያሳያል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ኢፋብለስ የተባለው የሸትል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ሥራ ሲያቆም በመንገድ ላይ የነበሩ ንድፎች ተንጠልጥለው ቀሩ። ስለዚህ ንድፋችሁ በአንድ ፋብሪካ ልዩ ብሎክ ላይ አይተከል። ንጹሕ ቬሪሎግ ከሆነ ሌላ ጥቅል ላይ በጥቂት ቀናት ይዛወራል። ይኼም ለትንሽ ዲጂታል ፕሮጀክት አንድ ተጨማሪ ነጥብ ነው።

7. ከመወሰናችሁ በፊት ባዶ መኪና ንዱ

የመጀመሪያዎቹን 2 ሳምንታት ያስቀመጥነው ለዚህ ነው። ከፕሮጀክቱ ጋር ምንም የማይገናኝ ባለ 8 ቢት ቆጣሪ ጻፉ፤ አሥር መስመር ነው። እርሱን ከቬሪሎግ እስከ መጨረሻው ጂዲኤስ፣ ፋብሪካው እስከሚቀበለው የሥዕል ፋይል፣ አድርሱት፤ ሲሙሌሽኑን፣ የጊዜ ሪፖርቱን፣ ሥዕሉ የፋብሪካውን ሕግ ማክበሩን የሚያየውን ዲአርሲ፣ ሥዕሉና ሎጂኩ አንድ መሆናቸውን የሚያየውን ኤልቪኤስ፣ ሁሉንም። እያንዳንዱ የቡድኑ አባል በራሱ ኮምፒውተር ላይ ያድርገው፤ «እገሌ ጋ ይሠራል» አይበቃም። ኬሌይአውት ከፍታችሁ ከስምንቱ ፍሊፕ ፍሎፕ አንዱን በዓይናችሁ ፈልጉ። ሲገኝ የሚሰማው ስሜት ለቀሩት 18 ሳምንታት ስንቅ ይሆናል።

በዚሁ ጊዜ ኤፍፒጂኤ ቦርድ አግኙ። ርካሹ ይበቃል። ዋናው ንድፍም ቺፕ ከመሆኑ በፊት እዚያ ላይ መሮጥ አለበት።

ይሁንና ኤፍፒጂኤ አንድ ነገር ይዋሻል፤ እኛ በዚያ ተበልተናል። የመጀመሪያ ቺፓችን የማሳያ መቆጣጠሪያ ነበር። ስቴት ማሽን፣ ማለትም ከሁኔታ ወደ ሁኔታ የሚሸጋገር ወረዳ፣ በአምስት ሁኔታና በሦስት ቢት ጻፍን፤ መነሻውን በሪሴት ሳይሆን «ኢኒሻል» በሚለው ብሎክ ሰጠነው። ኤፍፒጂኤ ላይ ሳምንት ሙሉ ያለ እንከን ሮጠ። ለምን አይሮጥም፤ ኤፍፒጂኤ ሲነሳ መነሻ ዋጋዎቹ ከኮንፊገሬሽኑ ጋር አብረው ይጫናሉ። ሲሊከን ላይ ግን «ኢኒሻል» የሚባል ነገር የለም፤ ፍሊፕ ፍሎፑ ኃይል ሲያገኝ እንዳሻው ይነሳል። በሦስት ቢት ስምንት ቁጥር አለ፤ እኛ የምናውቀው አምስቱን ነው። ቺፑ በቀሩት ሦስቱ ላይ ከተነሳ መውጫ አልነበረውም። አንዳንዱ ቺፕ ሁልጊዜ ይሠራል፣ አንዳንዱ አምስት ጊዜ ጠፍቶ ሲበራ ይነሳል፣ አንዱ ግን ፈጽሞ አልተነሳም። ሦስት ቀን ብየዳውን ስንወቅስ ቆየን። ጌቶቹን ራሳቸውን ሲሙሌት ብናደርግ ኖሮ ከመጀመሪያው ክሎክ ጀምሮ ስክሪኑ በቀይ ኤክስ፣ «ዋጋው አይታወቅም» በሚለው ምልክት፣ ተሞልቶ ይነግረን ነበር። ዛሬ ያለ ሪሴት የተጻፈ ስቴት ማሽን ሳይ ያመኛል።

8. መስኮት ይኑረው

ዕጩ ፕሮጀክት ስትመዝኑ «ከውጭ ውስጡን ማየት ይቻላል ወይ?» በሉ። ፒን ከተረፈ የስቴት ማሽኑን ቢቶች አውጡበት። የላኩትን ባይት መልሶ የሚያነብ መንገድ አስገቡ። ኤስፒአዩ ቢሞት እንኳ መብራት የሚያበራ አንድ ቀላል ሁነታ ይኑር፤ ለምሳሌ አንድ ፒን ከፍ ሲል አራቱም በ50 በመቶ ይብሩ። በእኛ ቆጠራ ይኼ ጥቂት ጌት ነው። ምንም ፒን የማይተርፈው ፕሮጀክት ግን መስኮት የሌለው ቤት ነው፤ ከዝርዝሩ ዝቅ ይበል።

9. የሚቆረጠውን አሁን ጻፉ

ፕሮጀክቱን ወደ ሦስት ክፈሉት። እምብርቱ፣ አንድ መብራት፣ በፒን ብቻ የሚቆጣጠሩት። መካከለኛው፣ ኤስፒአይና አራቱ መብራት። ጌጡ፣ የፍጥነት ማካፈያውና ተጠባባቂ ሬጅስተሮቹ። እያንዳንዱ ከእርሱ በፊት ካለው ጋር ብቻ ቺፕ መሆን የሚችል ይሁን። ቀኑ ሲጠብ የሚቆረጠው ከታች ነው፤ የትኛው ቀን ላይ እንደሚቆረጥም አሁን ይጻፍ። ያኔ ሁሉም ደክሞ፣ ሁሉም የሠራውን ወዶ ስለሚሆን ክርክሩ አያልቅም።

እንዲህ ሊከፈል የማይችል ፕሮጀክት፣ ሁሉም ክፍል ካልሠራ ምንም የማይሠራ፣ ለጀማሪ ቡድን አደገኛ ነው። ፕሮሰሰር ይኼ ጠባይ አለው፤ ግማሽ ፕሮሰሰር የሚባል የለም።

10. የውሳኔው ስብሰባ

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሦስት ዕጩ ይዛችሁ ተቀመጡ፤ ከዚያ በላይ አይሁን። ለእያንዳንዱ አራት ነገር ጠረጴዛው ላይ ይኑር፦ የፈተናው ቀን ገጽ፣ የፍሊፕ ፍሎፕ ቁጥር፣ የፒን ዝርዝር፣ የሚቆረጠው። አንዱ የጎደለው ዕጩ አይታይ። ከዚያ በአንድ ሰዓት ወስኑ፤ ድምፅ ከተከፈለ ፍሊፕ ፍሎፑ ያነሰው ያሸንፍ። ፕሮሰሰሩን ያቀረበው ሰው ቅር እንዳይለው ሐሳቡ «ቺፕ 2» በሚል ፋይል ይቀመጥ፤ ቆጠራውንም እርሱ ይሥራው።

ስብሰባው ላይ አንድ የመጨረሻ ፍተሻ አለ። ባለ 8 ቢት ቆጣሪው በሁሉም ሰው ኮምፒውተር ላይ ጂዲኤስ ሆኗል? ካልሆነ የመረጣችሁትን ፕሮጀክት ጌጡን ሙሉ በሙሉ፣ ከመካከለኛውም ሁለት መብራት ቀንሳችሁ ጀምሩ። ኤስፒአይና ሁለት መብራት።